አክስቴ ስትበላ ለምን ታለቅስ ነበር

ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። ዓይኔን ጨፍኛለሁ ብዬ ውሃ ስረጭበት ሳሙናው ግራ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ይበልጥ ጨምቄ ጨፈንኩት። ሳሙናው መግባቱን አላቆመም። መስታወቱን በእጄ ጠረግ አድርጌ ሳይ፣ በተከፈተው ግራ ዓይኔ የተጨፈነውን ቀኝ ዓይኔን አየሁት። ሁለቱንም እንዲጨፈኑ አዝዣቸው የሰማኝ አንዱ ብቻ ነው።

አፌን ስጉመጠመጥ ውሃው በግራ በኩል አመለጠኝ። ማታውን ከጆሮዬ ጀርባ ሲጠዘጥዘኝ ነበር ያደረው። የግራ ጉንጬ ወርዷል፣ ከንፈሬ ወደ ቀኝ ተስቧል፣ «እማዬ» ብዬ ስጣራ «ማ» የምትለዋ ፊደል አየር እየሾለከባት ወጣች። ከዚያ በኋላ የጮኸችው እናቴ ናት።

ይህ ካለፈ ቆይቷል። ፊቴም ተመልሷል። እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ግን የእኔ ፊት ሳይሆን የአክስቴ ዓይን ነው። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ብቻ እንዳልጠራ አደራ ብላኛለች።

## ሁሉም ምስክር ነበረው

ቤቱ ወዲያው ሰው ሞላ። አንዷ ጎረቤታችን «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ልትቀጥፍ ወጣች። ሌላዋ ንፋስ መቷት ነው አለች። የሰው ዓይን ነው ያለም ነበር፣ ፊቷን ቶሎ ማስተኮስ ነው ያለም አልጠፋ። እማዬ ነጠላዋን አንስታ «እንጦጦ ጠበል እንሂድ» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ «ስትሮክ ነው፣ ስትሮክ ነው» ይላል፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልብ ያልኩት ነገር ቢኖር ሁሉም ምስክር እንደነበረው ነው። የእገሌ ልጅ በዳማከሴ ነው የዳነው። የእገሊት ባል ጠበል በገባ በሳምንቱ አፉ ተመለሰ። እየዋሹ አይደለም፣ ያዩትን ነው የሚናገሩት። እንዴት ሁሉም ትክክል ሊሆን እንደሚችል የገባኝ በኋላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ክርክሩን የቆረጠችው አክስቴ ናት። የእናቴ ታላቅ እህት ናት፣ ሰው በተሰበሰበበት ብዙም አትናገርም። ያን ቀን ግን ከጓዳ ወጥታ «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው። ልጅቷን ሐኪም ቤት ውሰዷት» አለች። እንዲህ አምርራ ስትናገር ሰምቻት ስለማላውቅ ደነገጥኩ። ጫማዋን አድርጋ ከእኛ ቀድማ በር ላይ ቆመች።

## «ቅንድብሽን ወደ ላይ አድርጊ»

ሐኪሟ ወጣት ናት። መጀመሪያ ፊቴን አልነካችም። እጆቼን ዘርግቼ እንድይዝ አደረገችኝ፣ ጣቶቿን አስጨመቀችኝ፣ አስኬደችኝ፣ አስወራችኝ። ከዚያ «ቅንድብሽን ወደ ላይ አድርጊ» አለችኝ።

አደረግኩ። የግንባሬ ቀኝ ተሸበሸበ። ግራው ልሙጥ ሆኖ ቀረ።

እሷ ግን እፎይ ያለች መሰለችኝ። እኔ ደግሞ ግንባሬም እንደሄደ ገና ማወቄ ስለነበር እንባዬ መጣ። ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። የግንባር ጡንቻ ትእዛዝ የሚቀበለው ከሁለቱም የአንጎል ጎኖች ነው። ስትሮክ አንዱን ጎን ሲመታ ሌላው ስለሚደርስለት፣ አፍ ቢጣመምም ቅንድብ ብዙውን ጊዜ ይነሳል። ግንባርም ዓይንም አፍም በአንድ ወገን አብረው ሲዝሉ ግን ጥርጣሬው ከአንጎል ወጥቶ ወደ ፊት የሚመጣው ነርቭ ላይ ነው። 7ኛው የራስ ቅል ነርቭ ይባላል። ከጆሮ ጀርባ ጠባብ በሆነ የአጥንት ቦይ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ሲያብጥ መሄጃ የለውም፣ እዚያው ይታመቃል። ለምን እንደሚያብጥ ሁልጊዜ አይታወቅም፣ በብዛት የሚጠረጠረው ከንፈር ላይ ምች የሚያወጣው የሄርፒስ ቫይረስ ነው። ምክንያቱ በውል ሳይገኝ ሲቀር ቤልስ ፓልሲ ይሉታል። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1821 የፊትን ነርቭ ሥራ ካስረዳው የስኮትላንድ ተወላጅ ሐኪም ከቻርለስ ቤል ነው።

ጆሮዬን በመብራት አየች። ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ቢኖር ኖሮ ራምሴይ ሃንት የሚባል የአልማዝ ባለጭራ ዓይነት ስለሆነ ሕክምናው ይለያል፤ የቫይረስ መድኃኒትም ይጨመርበታል። ሽፍታ የለም። ስኳሬንና ግፊቴን አስለካች። ከዚያ «እርጉዝ ነሽ?» አለችኝ።

«አይደለሁም።»

«በእርግዝና መጨረሻ ወራትና በአራስነት ስለሚበዛ ነው የጠየቅኩሽ።»

ከጥግ በኩል የአክስቴ ድምፅ መጣ። «አራስ ቤትም ይመጣል?»

ሐኪሟ ዞር አለች። አክስቴን ለመጀመሪያ ጊዜ አስተውላ አየቻት። የቀኝ ጉንጯን፣ ከግራው ጠበብ ያለውን ቀኝ ዓይኗን፣ ስታወራ ይበልጥ የሚጠበውን። ብዙ ቆየች። ከዚያ በቀስታ፣ «እማማ፣ ሲበሉ ይሄ ዓይንዎ ያነባል?» ብላ ጠየቀቻት።

አክስቴ ነጠላዋን ጨበጠች። «ልጄ፣ ማን ነገረሽ?»

## የቤታችን ወሬ

ማንም አልነገራትም። እኛ ቤት ግን ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። አክስቴ እንጀራ ስትቆርስ ቀኝ ዓይኗ ያነባል። ልጅ ሆነን ለምን እንደሆነ ስንጠይቅ «ባሏን አስባ ነው» ይሉናል። የመጨረሻ ልጇን አርግዛ ሳለች ነው ባሏ የሞተው። አራስ ቤት እያለች ፊቷ ተጣመመ፣ «የአራስ ቤት ብርድ ነው» ተባለ፣ አራስ ከቤት አይወጣምና እዚያው ታሸች፣ ታጠነች። አፏ ከብዙ ወር በኋላ መለስ አለ። ከዚያ እንባው ጀመረ። ሞት ባልነበረበት ቤት ቢሆን እንባው ያጠራጥር ነበር፤ ባሏ በሞተባት ሴት ቤት ግን ማንም ሌላ ምክንያት አልፈለገም።

ሰው እያየ ማልቀስ ደግሞ ያሳፍራል። ሠርግም ሆነ ተዝካር፣ ሰው ሲቀርብ አክስቴ ጓዳ ትገባለች። «እኔ በኋላ እበላለሁ» ትላለች። ጉርሻ ስንሰጣት ተቀብላ ፊቷን ታዞራለች። ዕድሜዬን ሙሉ ከእኛ ጋር አንድ ትሪ ላይ ቀርባ ጠግባ ስትነሳ አላየኋትም። ሥራ ስለምትወድ ጓዳ የምትቀር ይመስለኝ ነበር።

ሐኪሟ ያስረዳችበት መንገድ ለእሷም ለእኔም ገባን። ያ ነርቭ የሚያዘው የፊት ጡንቻን ብቻ አይደለም። እንባና ምራቅንም ያዛል፣ የምላስንም የፊተኛ ክፍል ጣዕም ወደ አንጎል ያደርሳል። ክፉኛ ከተጎዳ በኋላ መልሶ ሲያድግ አንዳንዱ ክር መንገድ ይስታል። ቤት ውስጥ የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ገመድ በስህተት ሲቀጠል የሳሎኑን ማብሪያ ስትጫኑ የመኝታ ቤቱ መብራት እንደሚበራ ማለት ነው። ለምራቅ የታዘዘው እንባ ያመጣል። ለከንፈር የታዘዘው ዓይን ይጨፍናል። ስለዚህ ምግብ ሲመጣ ምራቋ ሊመጣ በሚገባው ሰዓት እንባዋ ይመጣል። ኀዘን አይደለም።

ታክሲ ውስጥ አክስቴ ዝም አለች። ከጎኔ ነበረች። ሰፈር ልንደርስ ስንል «ታዲያ ለእሱ አይደለም ያለቀስኩት?» አለች፣ ለማን እንደሆነ አላውቅም። እኔ መልስ አልነበረኝም። አንዳንድ ጊዜ ማወቅ የሚሰጠውን ያህል ይነጥቃል፤ ስንት ዓመት ሙሉ ለባሏ ያዋለችው የመሰላት እንባ በአንዲት ወጣት ሐኪም አፍ የነርቭ ክር ሆነ። ያኔ እማዬ ከፊት ወንበር ሳትዞር፣ «ለእሱማ ሌሊት ሌሊት አልቅሰሻል። አብሬሽ አልተኛሁም እንዴ?» አለቻት። አክስቴ ራሷን ነቀነቀች።

## ከ10ሩ ሦስቱ

አሁን ወደ ምስክሮቹ ልመለስ። ቤልስ ፓልሲ ይዟቸው ምንም መድኃኒት ካልወሰዱ ሰዎች መካከል ከ10 ውስጥ 7 ያህሉ ሙሉ በሙሉ ይድናሉ። ነርቩ እብጠቱ ሲጎድል በራሱ ይመለሳል። ይህ ትልቅ የምሥራች ነው። ግን ደግሞ ለሁሉም ነገር ምስክር የሚፈጥረው ይኸው ነው። ሰባቱ ዳማከሴ ተቀብተው ከሆነ ዳማከሴ አዳነ ይባላል፣ ተተኩሰው ከሆነ መተኮስ አዳነ ይባላል። የዳነ ሰው ገበያ ይወጣል፣ ያወራል፣ ለሰው ይመክራል። ሦስቱ ግን ምስክር ሆነው አይጠሩም። አክስቴን ማን ጠርቶ ያውቃል? እሷ ጓዳ ናት።

መድኃኒቱ የሚታገለው ለእነዚያ ሦስቱ ነው። ፕሬድኒሶሎን ይባላል፣ እብጠት የሚቀንስ ክኒን ነው፣ ብርቅም አይደለም። ስኮትላንድ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አለ። 551 ሰዎች ሕመሙ በጀመራቸው በ72 ሰዓት ውስጥ ተቀብለው ለ10 ቀን መድኃኒት ሰጧቸው። ከ9 ወር በኋላ ፕሬድኒሶሎን ከወሰዱት ከ100 ውስጥ 94ቱ፣ ካልወሰዱት 82 ያህሉ (ቁጥሩ ከጥናት ጥናት ይለያያል) ፊታቸው ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ነበር። ልዩነቱ ለሰሚ ትንሽ ሊመስል ይችላል። የእኔን አክስት ለሚያውቅ ትንሽ አይደለም።

እነዚያ 72 ሰዓታት ግን የሚያልቁት እኛ ስንከራከር ነው። አንድ ቀን ዳማከሴ፣ አንድ ቀን «ይለፍለት እስቲ»፣ አንድ ቀን ዘመድ እስኪመጣ። የሚያናድደኝ ባህላዊው መድኃኒት መኖሩ ሳይሆን ሰዓቱን መብላቱ ነው። ጊዜው ቢያልፍም መሄድ ያስፈልጋል፣ ዓይንን የሚጠብቅና ሌላ በሽታ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ሰው ያስፈልጋልና። ግን በሦስቱ ቀን ውስጥ የሄደ ይበልጣል። ክኒኑ ስኳር ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ከፋርማሲ በራስ ገዝቶ መዋጥም አይሆንም።

ከእማዬ ጋር በጠበል ጉዳይ አልተጣላንም። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ጠበል እንዲጠጡ በ1999 ዓ.ም. በይፋ ሲናገሩ እሷ ሰምታለች፣ አልረሳችውም። ጎህ ሲቀድ ጠበሌን እጠጣለሁ፣ ቁርሴን እበላለሁ፣ ክኒኔን እውጣለሁ። ዓይኔ ውስጥ ግን ሐኪሟ ካዘዘችው ጠብታ በቀር ምንም ጠብ እንዳይል ተስማማን።

## ዓይን

ስለ ዓይን ሳልናገር አላልፍም፣ ሰው ስለ አፉ መጣመም ሲጨነቅ የሚረሳው እሱን ነው። የማይጨፈን ዓይን ይደርቃል፣ አቧራ ይገባዋል፣ ብሌኑ ይቆስላል። አፍ ቢቆይም ይመለሳል፤ ቆስሎ የጠባሰ ብሌን ግን ዕይታ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ቀን ቀን ሰው ሠራሽ እንባ በየሰዓቱ አደርግ ነበር። ማታ ቅባት ተቀብቼ፣ የዓይኔን ቆብ በጣቴ ወደ ታች ስቤ፣ በፕላስተር አያይዤ ነው የምተኛው። የምታያይዝልኝ አክስቴ ናት። ፕላስተሩን ቆርጣ፣ በመዳፏ ሞቅ አድርጋ፣ ሽፋሽፍቱን ሳትነካ ከላይ ወደ ጉንጬ ትለጥፈዋለች። እሷን እንዲህ ያደረገላት አልነበረም። አልነገረችኝም፤ ግን እጇ ላይ ይታወቀኝ ነበር።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ከነገረኝ ሁሉ የጠቀመኝ «አታስገድጂው» ያለኝ ነው። ብዙ ሰው ቶሎ ይመለስ ብሎ ማስቲካ ቀኑን ሙሉ ያኝካል፣ ፊቱን በኃይል ይጨማድዳል። እሱ ግን መስታወት ፊት ተቀምጬ በጣም በዝግታ፣ ትንሽ ትንሽ ብቻ እንዳንቀሳቅስ፣ አፌ ሲንቀሳቀስ ዓይኔ አብሮ እንዳይጠብ እየተቆጣጠርኩ እንድሠራ አሳየኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። መጀመሪያ የተመለሰልኝ የአፍንጫዬ ጎን ነው፤ ትንሽ እርግብግብ አለች። እማዬ እልል አለች።

## ፊት የሌለው ፈገግታ

አስተማሪ ነኝ። አንደኛ ክፍል ፊደል ነው የማስተምረው። በ፣ መ፣ ፈ፣ ፐ ያለ ከንፈር አይወጡም። ክፍል ስመለስ ግራ ከንፈሬን በጣቴ ጫን አድርጌ ነበር «ፐ» የምለው። ልጆቹ ይህን አይተው ፊደሉ እንዲያ የሚባል መስሏቸው ሁሉም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። አንዷ ግን «ቲቸር፣ ለምንድን ነው በግማሽ የምትስቂው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነርቭ ታሞ እንደሆነና እየዳነ እንደሆነ ነገርኳት። «እሺ» ብላ ቁጭ አለች። በዚያው አለቀ። ትልልቆቹ ግን ይሸሹኛል፤ ሲያናግሩኝ ትከሻዬን ነው የሚያዩት።

ከሕመሙ ሁሉ የከበደኝ ይኼ ነው። ቁንጅና አይደለም። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የምንል ሰዎች ነን፤ እንግዳ የሚቀበለው ፊት ነው። ደስ ብሎኝ ስቄ ሰውዬው የተናደድኩ መስሎት አይቶኛል። ውስጤ ያለው ወደ ውጭ አይደርስም። አንድ ወገኔ ያለ ፈቃዴ ፊት ይነሳል።

ወንድሜ ሊያበረታታኝ የዣን ክሬትየንን ታሪክ ላከልኝ። በልጅነቱ በዚሁ ሕመም የግራ ፊቱ ሽባ የሆነ ካናዳዊ ፖለቲከኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ምርጫ በሥልጣን ላይ የነበረው ፓርቲ የተጣመመ ፊቱን አጉልቶ የሚያሳይ ማስታወቂያ ሠራበት። ሕዝቡ ተቆጣ፣ ማስታወቂያው ወዲያው ተነሳ፣ ያ ፓርቲም በመላ አገሪቱ 2 መቀመጫ ብቻ ቀረው። ክሬትየን 10 ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። አንብቤ ስጨርስ የታየችኝ አክስቴ ናት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሷ ግን የደበቀችው በሽታ መሆኑን እንኳ ያወቀ አልነበረም።

አሁን አክስቴ ትሪ ላይ ትቀርባለች። በአንድ ጊዜ አልሆነም፤ መጀመሪያ ከእኔ ጋር ብቻ፣ ቀጥሎ ከቤተሰብ ጋር፣ በቅርቡ ደግሞ የጎረቤት ልጅ ሠርግ ላይ ከሰው ጋር። እንባው አልቆመም። መሐረብ ይዛ ጠረግ ታደርገዋለች፣ የማያውቃት ሰው አይዞሽ ሲላት «ነርቭ ነው፣ ብላ» ትለዋለች።

ባለፈው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ማታ ደወለችልኝ። የባሏ አፍ ድንገት ተጣሟል፣ የእኔን ስለምታውቅ ያው ነው ብላ ነው የደወለችው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኳት። አሁን፣ እራት ላይ። እጁን? ብርጭቆው አምልጦታል። ቅንድቡንስ ያነሳል? ስልኩን ሳትዘጋ ጠየቀችው፣ «ሁለቱም ይነሳሉ። ደህና ነው ማለት ነው?» አለችኝ፣ ድምፅዋ ቀለል ብሎ። «አይደለም። እንዳትተኙ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጂው» አልኳት። ስትሮክ ነበር። በሰዓቱ ደርሰዋል፤ አሁን በከዘራ እየተራመደ ነው።